ጎረቤቶች ፊታቸውን ያዞሩበት ዘመቻ፦ ወላይታ በ1887 ዓ.ም.

በኅዳር 1887 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወላይታ የወረደው ጦር በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በስብጥሩም የሚያስገርም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ይመሩታል። የወሎው ራስ ሚካኤል ሠራዊታቸውን ይዘው መጥተዋል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ተሰልፈዋል። የሌቃ ነቀምቴው ኩምሳ ሞረዳ፣ ፊታውራሪ ገበየሁና ሊቀ መኳስ አባተም አሉበት። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት እነርሱ ወይም አባቶቻቸው የየራሳቸው አገር ጌቶች ነበሩ። ለሸዋ የገበሩትም ተሸንፈው፣ ወይም ሽንፈት እንደማይቀር አይተው ነው። በዚያ ኅዳር ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተመሙ፤ ወደ ዳሞታ ተራራ፣ ወደ ወላይታው ንጉሥ ወደ ካዎ ጦና ጋጋ አገር።

ወላይታ ከዚያ በፊት ተደጋጋሚ ዘመቻ ተልኮባት መልሳለች። ታዲያ በ1887 ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ውጊያ ለምን ወደቀች? የተለመደው መልስ ጠብመንጃ ነው። ጦርና ጋሻ የያዘ ሕዝብ ከሬሚንግተንና ከውጅግራ ፊት ምን ያህል ሊቆም ይችላል? መልሱ እውነት አለው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ቀደም ሲል የመጡትም ጠብመንጃ ይዘው ነበር። በ1887 የተለወጠው ትልቁ ነገር የወላይታ ዙሪያ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በአራቱም ማዕዘን ራሳቸውን የቻሉ ጎረቤቶች ነበሯት። ጦና በዙፋን ላይ ሳሉ ግን ከእነዚያ ጎረቤቶች ብዙዎቹ ገብረዋል፣ ተሸንፈዋል፣ ወይም ከዘማቹ ጋር አብረው መጥተዋል።

የካዎዎቹ አገር በሁለት ወንዞች መካከል የተዘረጋ ነው። በምሥራቅ ብላቴ፣ በምዕራብ ኦሞ። ከብላቴ ማዶ ሲዳማና አርሲ አሉ። በሰሜን ከምባታና ሐዲያ፣ በደቡብ ጋሞና ጎፋ ይዋሰኑታል። ከኦሞ ማዶ ዳውሮ አለ፤ በዚያ ዘመን ውጪያዊው ሰው ኩሎ የሚለው። ከዳውሮ አለፍ ሲል ኮንታ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ደግሞ ጅማ። በመካከሉ የነበረው ሕዝብ ብዙ ነው፤ እንሰቱ በየደጁ፣ ከብቱ በየመስኩ፣ ሸማኔውና ብረት ቀጥቃጩ በየመንደሩ። ብዙ ሰውና ብዙ ከብት ያለበት፣ ንግድ የሚተላለፍበት ምድር ለጎረቤትም ለሩቅ ንጉሥም ዓይን የሚስብ ነው።

ጎረቤታሞቹ እንዴት ይተያዩ እንደነበር የሚመሰክር ነገር ዛሬም በሜዳው ላይ ቆሟል። በወላይታ የካዎ አማዶ ኬላ የሚባል የመከላከያ ካብ አለ። ከኦሞ ማዶ በዳውሮ ደግሞ በንጉሥ ሃላላ ስም የሚጠራው የሃላላ ኬላ አለ፤ አሁን የብዙ ጎብኚዎች መዳረሻ ሆኗል። ሁለቱም በትውልዶች ጉልበት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረደረ የተሠሩ ናቸው። ማንን ለመከልከል? የሸዋ ጦር ገና ባልታሰበበት ዘመን የወላይታና የዳውሮ ሰው ካቡን የካበው ለቅርብ ጎረቤቱ ብሎ ነው። የወላይታ፣ የዳውሮ፣ የጋሞና የጎፋ ቋንቋዎች ግን በጣም የሚቀራረቡ፣ ተናጋሪዎቻቸው ብዙውን የሚግባቡባቸው ናቸው። በገበያ ይገናኛሉ፣ ይጋባሉ፣ ጎሳ ይጋራሉ። መግባባቱ ግን ወደ ጋራ መከላከያ አላደገም። እያንዳንዱ ንጉሥ የራሱን ወሰን ጠበቀ፤ በተመቸው ጊዜም በሌላው ወሰን ላይ ዘመተ። የወላይታ ነገሥታትም ከዚህ የጸዱ አልነበሩም። በዙሪያቸው ባሉ አገሮች ላይ ዘምተዋል፣ ከብት ነድተዋል፣ ምርኮኛ ይዘዋል።

እንግዲህ የሸዋ ኃይል ወደ ደቡብ መስፋፋት ሲጀምር ያገኘው እንዲህ ያለ መልክዓ ምድር ነው። ብዙ መንግሥት፣ ብዙ ካብ፣ ብዙ ያልተረሳ ቂም።

አርሲ ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በራስ ዳርጌ በተመሩ ዘመቻዎች ብዙ ዓመት ተዋግቶ ወደቀ። በቀቤናና በሐዲያ በኩል ሐሰን እንጃሞ ያስተባበሩት ተቃውሞ ከራስ ጎበና ጋር ተፋልሞ ተሸነፈ። ኩሎና ኮንታ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ እጅ ገቡ። ከምባታና ሲዳማም በዚያው ዘመን ተራቸው ደረሰ። የየም መንግሥት የወደቀው ወላይታ በወደቀችበት ጊዜ አካባቢ ነው። አርሲ ሲወጋ ወላይታ ለአርሲ አልደረሰችም። ወላይታ ስትወጋም ካፋ አልደረሰም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የካፋው ጋኪ ሸሮቾ ተራ በመጣ ጊዜ፣ ካፋን ከከበቡት መካከል ራስ ወልደ ጊዮርጊስና አባ ጅፋር ነበሩ። የካፋው ንጉሥ ወራት ከፈጀ አሰሳ በኋላ በ1890 መግቢያ ተማረኩ።

ከእነዚህ ሁሉ መንገዶች የተለየውን የመረጡት የጅማው ንጉሥ ናቸው። ስለ እርሳቸው ሳያወሩ የወላይታን ዘመቻ መረዳት አይቻልም።

አባ ጅፋር ዙፋን ላይ የወጡት በ1870 ገደማ፣ ገና በወጣትነታቸው ነው። የወረሱት መንግሥት ሀብታም ነበር። የሂርማታ ገበያ ከካፋ፣ ከኩሎ፣ ከኮንታና ከሌሎችም አገሮች የሚመጣ ነጋዴ የሚገናኝበት ነው። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ አሞሌ ጨውና፣ በመራራው እውነት፣ ሰውም ይሸጥበታል። የሸዋ ኃይል እየቀረበ ሲመጣ ወጣቱ ንጉሥ ምን ያድርጉ? በጅማ እንደሚነገረው እናታቸው ጉሚቲ ከመዋጋት መገበርን መከሩ። አባ ጅፋርም በ1870ዎቹ ለምኒልክ ገበሩ። በምላሹ ያገኙት በዘመኑ ብርቅ ነገር ነበር። ዙፋናቸው ተጠበቀ፣ እስልምናቸው ተጠበቀ፣ በጅማ ውስጥ የሸዋ ሰፋሪ ጦር አልተተከለም፣ አስተዳደሩም በእጃቸው ቀረ።

እንዲህ ያለ ስምምነት ግን አንድ ጊዜ ተፈርሞ የሚቀመጥ አይደለም። በየዓመቱ በግብር መታደስ አለበት፤ ዘመቻ በታወጀ ቁጥር ደግሞ በሰውና በስንቅ። ግብሩ ቢዘገይ ወይም ጦሩ ቢቀር፣ ከአዲስ አበባ «ይህን አገር ለእኔ ስጡኝ» የሚል የጦር አለቃ አይጠፋም። አባ ጅፋር በ1887 ወደ ወላይታ የዘመቱት በዚህ ጫና ውስጥ ሆነው ነው። በዚያ ላይ የራሳቸው ጥቅም ነበር። በአቅራቢያቸው ጠንካራና ያልገበረ መንግሥት መኖሩ ለንግድ መንገዳቸውም ለወሰናቸውም አይበጅም። የጦና ነፃነት የሚጠቅመው ጦናን ነው፤ የጅማን ነፃነት የሚጠብቀው ግን የምኒልክ እምነት ነው። አባ ጅፋር ሁለቱን መዘኑና የራሳቸውን መረጡ።

ክህደት ነው? አንዳንድ የወላይታ ወጣት ዛሬ ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ፍትሐዊው መልስ፣ አይደለም። ክህደት እንዲኖር አስቀድሞ ቃል ኪዳን መኖር አለበት። በጅማና በወላይታ መካከል አንዱ ሲጠቃ ሌላው እንዲደርስ የሚያስገድድ ቃል ኪዳን አልነበረም፤ «ደቡብ» የሚባል የጋራ አገርም ገና አልተፈጠረም። የጅማ ንጉሥ የጅማ ንጉሥ ናቸው። የሚያሳዝነው ነገር ሌላ ነው፤ የእነዚህ መንግሥታት እያንዳንዳቸው ስሌት ለየብቻው ሲታይ ትክክል ሆኖ፣ አንድ ላይ ሲደመር ሁሉንም ያጠፋ መሆኑ።

የኩምሳ ሁኔታ ከአባ ጅፋር ጋር ይመሳሰላል። አባታቸው ሞረዳ በከሬ በ1874 የእምባቦ ጦርነት ማግስት፣ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ ለሸዋ ገቡ። እምባቦ ለወለጋ ባላባቶች የነገራቸው ግልጽ ነው፤ ለምዕራቡ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ሲሻሙ ከነበሩት ከጎጃምና ከሸዋ፣ ሸዋ አሸነፈ። ኩምሳ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ አገራቸውንም ራሳቸው እያስተዳደሩ ቀጠሉ። በወላይታ የተገኙት ከወላይታ ጋር ጠብ ስለነበራቸው አይደለም። ነቀምቴና ወላይታ የማይተዋወቁ አገሮች ናቸው ማለት ይቻላል። የዘመቱት ለራሳቸው አገር ዋጋ ለመክፈል ነው።

ራስ ሚካኤል ደግሞ ሌላ ጉዳይ አላቸው። ቀድሞ መሐመድ አሊ ነበሩ፤ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሡ። ዮሐንስ በ1881 በመተማ ከወደቁ በኋላ ከምኒልክ ጋር ሆኑ፤ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋንም አገቡ። ለአማታቸው መዝመት ግዴታቸው ነው። የሚዘምተው ሰውም የሚፈልገው ነገር ነበረው። ክፉ ቀን ገና ማለፉ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ የገባው የከብት በሽታ የኢትዮጵያን አብዛኛውን ከብት ፈጅቶ፣ ድርቅና አንበጣ ተከትሎ፣ በሰሜኑ መንደር በመንደር ሰው አልቋል። በሬ ስለጠፋ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት መቆፈራቸው በዘመኑ የታወቀ ነው። ወታደሩ በደቡብ ከብት መኖሩን ያውቃል። ወላይታ በዘመቱት በብዙዎቹ ልብ የነበረው የንጉሡ ክብር ብቻ ሳይሆን የሚነዳው በሬና ላም ነው።

ስለ ዘመቻው ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ዝርዝር ከአንድ የውጭ ሰው ብዕር የመጣ ነው። ቫንደርሃይም የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ፣ የንግድ ኩባንያ ወኪል ሆኖ አዲስ አበባ ሳለ፣ ከምኒልክ ጦር ጋር ወላይታ ድረስ ሄደ። ያየውንም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1896 በፓሪስ በመጽሐፍ አወጣ። የወላይታ ሰው በጦርና በጋሻ፣ በጉድጓድና በካብ ተከላከለ። ጥይቱ ግን ጦሩ ከሚወረወርበት ርቀት እጅግ አርቆ ይገድላል። ቫንደርሃይም ያየውን ከአውሬ ይልቅ ሰው የታደነበት አደን አድርጎ ገልጾታል። የተቃጠሉ ቤቶችን፣ በየማሳው የወደቁ ሬሳዎችን፣ በወታደር እየተነዱ የሚሄዱ ሴቶችንና ሕፃናትን ጽፏል። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴም በዘመናዊ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ይህን ዘመቻ ከማስፋፋቱ ዘመቻዎች ሁሉ እጅግ ደም ከፈሰሰባቸው መካከል ቆጥረውታል።

ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ከብቱ ተነዳ፣ ምርኮኛው ለባርነት ተከፋፈለ፤ ከምርኮው የንጉሡ ድርሻ ተነሥቶ ቀሪው ለየጦሩ ደረሰ። በዚህ ክፍፍል ላይ የአጋሮቹ ኅብረት ምን እንደነበረ በግልጽ ይታያል። የጋራ ዓላማ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የጋራ ምርኮ ነው። ምርኮው ሲያልቅ እያንዳንዱ ወደየአገሩ፣ ወደየራሱ ስጋት ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰሜኑ ሰላም አልነበረም። ወላይታ በምትወጋበት ዓመት ምኒልክ ራሳቸው ከትልቅ አጋር ጋር ተጣልተው ነበር። ጣሊያን በ1881 የውጫሌን ውል ስትፈርም ወዳጅ ነበረች፤ ገንዘብ አበድራለች፣ ጠብመንጃ ሰጥታለች። በውሉ አንቀጽ 17 ትርጉም ላይ ከተነሣው ጠብ በኋላ ምኒልክ በ1885 ውሉን መቀበል ማቆማቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቁ። አውሮፓውያኑም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። በሚያዝያ 1886 እንግሊዝና ጣሊያን በተፈራረሙት ስምምነት ሐረር በጣሊያን የተፅዕኖ ክልል ውስጥ እንድትሆን ተደረገ። ፈረንሳይ ከጅቡቲ ሆና ይህን ስትሰማ ተቆጣች። የምኒልክ ወዳጅ መሆንም ለጥቅሟ የሚበጅ ሆኖ አገኘችው። ምኒልክ የአውሮፓውያኑን ፉክክር በሚገባ ያውቁታል፤ ጠብመንጃ ከአንዱም ከሌላውም ይገዛሉ። ወላይታ ግን እንዲህ የሚፎካከሩ ገዢዎችና ሻጮች አልነበሯትም። የባሕር በር የላት፣ ቆንሲል የላት፣ በሌላው ላይ የምታነሣው ሦስተኛ ወገን የላት።

ጊዜውም እርስ በርሱ የተደራረበ ነው። በግንቦት መጨረሻ 1886 የትግራዩ ራስ መንገሻ ዮሐንስ አዲስ አበባ መጥተው ለምኒልክ ገበሩ። ስድስት ወር ሳይሞላ ምኒልክ ደቡብ ወረዱ። በታኅሣሥ 1887፣ የወላይታ ውጊያ ገና እንዳበቃ፣ በአካለ ጉዛይ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በጣሊያን ላይ ተነሡና ሐላይ ላይ ወደቁ። በጥር ራስ መንገሻ በኮዓቲት ከጣሊያን ጋር ተዋጉ፤ ተሸነፉም። ምኒልክ ከወላይታ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት በዚያው ጥር ነው። በሰሜን ያሉት ሰዎቻቸው ሲዋጉ ንጉሠ ነገሥቱ በደቡብ ነበሩ። ወዲያውኑ ግን ሰሜኑ ሁሉንም ጠራ። ወላይታ የዘመቱት ፊታውራሪ ገበየሁ በኅዳር 1888 በአምባላጌ ጀግንነታቸውን አሳዩ፤ በየካቲት 23 ቀን በዓድዋ ተሰዉ። ራስ ሚካኤልም ሊቀ መኳስ አባተም በዓድዋ ተሰልፈዋል።

ለአንባቢ ከባድ የሚሆነው ይህ ነው። በአምባላጌና በዓድዋ ለነፃነት የሞቱት ሰዎች፣ ከአሥራ አምስት ወር ባልበለጠ ጊዜ በፊት የሌላ አገር ነፃነት ያጠፉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። አንዱን ለመናገር ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም። በወላይታ ቤት ውስጥ የካዎ ጦና ታሪክ በሐዘን ሲወሳ፣ በየካቲት ደግሞ የዓድዋ በዓል እዚያው ወላይታ ይከበራል። ሁለቱም የአንድ አገር ታሪክ ናቸው።

የ1887 አጋሮች ከዚያ በኋላ ያለፉበትን ማየትም ይጠቅማል። ሊቀ መኳስ አባተ ራስ ሆኑ፤ በ1903 በአዲስ አበባ ሥልጣን ለመያዝ ሞክረው ታሰሩ። ራስ ሚካኤል በልጃቸው በልጅ ኢያሱ ዘመን ንጉሥ ተባሉ። በጥቅምት 17 ቀን 1909 ግን በሰገሌ ሜዳ ከሸዋ መኳንንት ጋር ገጥመው ተሸነፉ። በዓድዋ አብረው የተሰለፉ ሰዎችና ልጆቻቸው በሰገሌ ተፋጁ። የሌቃው ኩምሳ አገራቸውን ለልጃቸው ለደጃዝማች ሀብተ ማርያም አወረሱ። ጣሊያን በ1928 ሲወር የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ኅብረት መሥርተው የእንግሊዝን ጥበቃ ጠየቁ፤ አልተሰጣቸውም። አባ ጅፋርስ? በጦር ያላጡትን በዕድሜ አጡት። እርሳቸው ሲያረጁና ሲታመሙ ማዕከላዊው መንግሥት እጁን አስገባ። በ1924 ገደማ፣ ሃምሳ ዓመት ያህል በግብርና በዘመቻ ታድሶ የቆየው የጅማ ራስ ገዝነት አበቃ። ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ይጎበኛል። ምርጫቸው ለሕዝባቸው ሃምሳ ዓመት ያህል ሰላም ገዝቷል፤ ጅማ እንደ ወላይታ አልተቃጠለችም። ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም።

የወላይታ ምድር የአጋሮችን መጎሻሸም ዳግም ያየው ከ46 ዓመት በኋላ ነው። በ1933 የወላይታዋ ከተማ ሶዶ በጣሊያን እጅ ነበረች። ሚያዝያ 27 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ቢገቡም፣ በሐይቆቹ አካባቢና በጅማ የጣሊያን ጦር አሁንም አለ። በእንግሊዝ የሚመራው የአፍሪካ ጦር ከሰሜንና ከደቡብ ገፍቶ ሲመጣ የአካባቢው አርበኞችም ከየአቅጣጫው ተነሡ። ግንቦት 11 ቀን በቁሊቶ አቅራቢያ በብላቴ መሻገሪያ ከባድ ውጊያ ሆነ። የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ጦር አባል የነበረው ሳጅን ናይጀል ሊኪ የጣሊያን ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ከማረከ በኋላ በዚያው ወደቀ፤ በኋላ ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለው የእንግሊዝ ከፍተኛ ኒሻን ተሰጠው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 14፣ ሶዶ ነፃ ወጣች። ሊቤራቲና ባካሪ የተባሉ ሁለት የጣሊያን ጄኔራሎችም እዚያው ተማረኩ።

ነፃ ያወጡት ሁሉ ግን ለአንድ ዓላማ አልመጡም። እንግሊዝ በምሥራቅ አፍሪካ ያለውን ጦሯን ፈጥና ወደ ግብፅ ማዛወር ትፈልጋለች፤ የጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል በሰሜን አፍሪካ እየገፋ ነው። የቤልጂግ ኮንጎ ጦር ከምዕራብ ገብቶ በሰኔ መጨረሻ በደምቢ ዶሎ የጄኔራል ጋዜራን እጅ መስጠት ተቀበለ። አገሯ በጀርመን ለተያዘባት ቤልጂግ፣ በጦርነቱ ውስጥ አለሁ ለማለት ይህ ድል ትልቅ ነበር። የኢትዮጵያ ፍላጎት ደግሞ አንድ ነው፤ ነፃነቷን ሳትሸራርፍ መመለስ። ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 3 ቀን ሚኒስትሮቻቸውን ሲሾሙ የእንግሊዝ የወታደራዊ አስተዳደር ሹማምንት ተቃወሙ። አገሩ በጦር ከጠላት የተወሰደ ስለሆነ እስከ ሰላም ውል ድረስ የሚያስተዳድረው ጦሩ ነው አሉ። ሙግቱ ወራት ፈጀ። በጥር 1934 የተፈረመው ስምምነት የኢትዮጵያን መንግሥት ቢያውቅም ለእንግሊዝ ብዙ መብት ተወ። የታኅሣሥ 1937 ስምምነት ብዙውን አስተካከለ። ኦጋዴን ግን ገና ዓመታት ቆየ፤ ሐውድና «የተጠበቀው ክልል» የተመለሱት በ1947 ነው። ነፃ አውጪው አጋር ለመውጣት ከጠላቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ጣሊያን አገሪቱን የያዘው አምስት ዓመት ነው፤ እንግሊዝ ከሐውድ የወጣችው ከነፃነት አሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው።

ከ1933 በኋላ ኢትዮጵያ በእንግሊዝ ፊት ያደረገችው፣ ምኒልክ በጣሊያንና በፈረንሳይ መካከል ያደረጉትን ይመስላል። ሌላ ወዳጅ ፈለገች፤ ወደ አሜሪካ ተጠጋች፣ በተባበሩት መንግሥታት ምሥረታ ተገኘች፣ ጉዳይዋን በዓለም አደባባይ አነሣች። ጦና በ1887 ይህ ዕድል አልነበራቸውም። በቅርብ ያሉት ጎረቤቶቻቸው ገብረው ነበር፤ የሩቁ ዓለም ደግሞ የወላይታን ስም የሰማው ከሽንፈቷ በኋላ፣ በአንድ ፈረንሳዊ መጽሐፍ ነው።

ወላይታ ሶዶ ከዘመቻው በኋላ የአስተዳደር ማዕከል ሆና አድጋ፣ ዛሬ በነሐሴ 2015 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ናት። የ1887ቱ ጎረቤታሞች አሁን በተለያዩ ክልሎች ይኖራሉ። ጋሞና ጎፋ ከወላይታ ጋር ናቸው። ሲዳማ የራሱ ክልል ነው። ዳውሮና ኮንታ በደቡብ ምዕራብ፣ ከምባታና ሐዲያ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ጅማና አርሲ በኦሮሚያ ይገኛሉ። የዘመቻው ትዝታም እንደዚሁ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። በወላይታ ሽማግሌዎች ዘንድ አንድ ታሪክ፣ በጅሬን ሌላ፣ በዳውሮ ሌላ፣ በወሎ ሌላ። የጽሑፍ ምንጩ ጥቂት ነው፤ የአፍ ታሪኩ ግን ብዙ ነው፤ ሽማግሌዎቹም እያለፉ ነው። የወላይታ ሶዶ፣ የጅማ፣ የሐዋሳ፣ የዋቸሞና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ትምህርት ክፍሎች አንድ ላይ ተነጋግረው፣ ስለዚያ ኅዳር በየአገሩ የሚነገረውን መቅዳትና ጎን ለጎን ማሳተም ይችላሉ። በየቤቱ የካዎ ጦናን፣ የአባ ጅፋርን፣ የራስ ሚካኤልን ወይም የኩምሳን ዘመቻ ከአያቱ የሰማ አንባቢ ካለም፣ የሰማውን ዛሬውኑ ጽፎ ያስቀምጥ፤ ወይም ለልጁ ይንገርና ልጁ ይጻፍ።